ሁለት ዓመት ጭማሪ

ጥፋቱ የመምህር አበጀ ነው። ደስታው ዕድሜው አሥራ ስድስት ነው፤ በትምህርት ቤቱ የነፃ ትግል ቡድን መዝገብ ላይ ግን አሥራ ስምንት ሞልቶታል። ትናንት ከቀበሌ የመጣው የብሔራዊ ውትድርና ጥሪ የሚያውቀው መዝገቡን ብቻ ነው።

የቡድኑ ክፍል ወደቡ አጠገብ ያለ አሮጌ የጨው መጋዘን ነው። ውስጡ ከአሰብ ፀሐይ ይብሳል። መምህር አበጀ በ1971 ሥልጠና ሲጀምሩ ፍራሻቸው ጭድ የተሞላ የእርዳታ ስንዴ ጆንያ ነበር፤ ማንም ከቁብ አልቆጠራቸውም። ከ1975 ጀምሮ ግን ይህ የሁለተኛ ደረጃ ቡድን በየዓመቱ ኮሌጆችን እያንጋለለ ዋንጫ ይዞ ተመልሷል። የሦስቱም ዓመት ፎቶግራፍ ግድግዳው ላይ አለ። የኮሌጆቹ ውድድር ደግሞ ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች አይቀበልም።

«ከቀበሌ ዝርዝራችሁን ሲጠይቁኝ ለአዲስ አበባው ውድድር መስሎኝ ነው» አሉ መምህር አበጀ። «የአውሮፕላን ቲኬት ሊቆርጡላችሁ። ደስ ብሎኝ ማኅተም ሁሉ አድርጌ ሰጠኋቸው።»

ደስታው የተወለደበት ቀን የተጻፈበትን የክርስትና ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ። «ይሄን ቀበሌ ባሳይስ፣ ቲቸር?»

«ዋንጫዎቹን ይነጥቁናል። እኔን ደግሞ አሻጥረኛ ብለው ያስሩኛል።» ላባቸውን ጠረጉ። «አንተ እኮ ስፖርተኛ ነህ። ግንባር አይልኩህም፤ ለጦሩ ቡድን ነው የምትታገለው።»

«ማን ነገረዎት?»

ወረቀቱ በደስታው እጅ ውስጥ በላብ ራሰ። ፍራሹ ላይ ቢሆን ማምለጫውን ያውቅ ነበር፤ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው።

በዛብህ በሩን በትከሻው በርግዶ ገባ። የቡድኑ ትንሹ ልጅ ነው፤ አሥራ አምስት እንኳ በቅጡ አልሞላውም።

«ወታደር ደስታው! ተጠንቀቅ!» ብሎ ሰላምታ ሰጠና ሳቀ። «ጠብመንጃው ካንተ ይከብዳል እኮ! አይዞህ፣ ቦታህን እኔ እይዝልሃለሁ።»

ደስታው ወደ መምህሩ ዞረ። «የእሱንም ጨምረዋል?»

መምህር አበጀ ፎቶግራፎቹን እያዩ፣ «የአምስታችሁንም» አሉ ቀስ ብለው።

«ምኑን?» አለ በዛብህ። ሳቁ ገና ከፊቱ አልጠፋም።

ደስታው መዝገቡን ከጠረጴዛው አነሳ። መምህሩ እጁን አፈፍ አደረጉት። ከ1971 ጀምሮ «ከያዛችሁ አትልቀቁ» ሲሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ደስታው አልታገላቸውም፤ ቆሞ ጠበቀ። ጣቶቻቸው አንድ በአንድ ላሉ።

«በዛብህ፣ እናትህ ጋ እንሂድ» አለ ደስታው። «ያንተንም የክርስትና ወረቀት ይዘን ቀበሌ እንገባለን። ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋሉ።»

«ምን ሆነን?»

«መንገድ ላይ እነግርሃለሁ።»

በዛብህን አስቀድሞ ወጣ። ማጠፊያውን ጨው ስለበላው በሩ በትከሻ ካልተገፋ አይገጥምም። ደስታው መዝገቡን በብብቱ ይዞ ትከሻውን አስጠጋና ገፋው፤ ገጠመ።