በአንድ ላፕቶፕ ፊት ሁለት ወንበር

ወጣቱ ዲዛይነር በፔንሲዮኑ ጓሮ፣ ከሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ሥር ተደፍቶ የተገኘው ዝናቡ እንዳባራ ነበር። አንድ እግሩ ካልሲ ብቻ ነው ያለው፤ ነጠላ ጫማው እላይ በረንዳው ላይ ቀርቷል። የበረንዳው ብረት ከጉልበት ብዙም አይዘልም። እንዲህ ያለ ቤት ሠርቶ የሰው ልጅ የሚያሳድር ሰው፣ እንቅልፍ እንዴት እንደሚወስደው እንጃ!

ኢንስፔክተሯ በአንድ እጇ ጉልበቷን፣ በሌላው ግድግዳውን ይዛ ደረጃውን ወጣች። ወፍራም ናት፤ እርምጃዋም ዘገም ያለ ነው። ዓይኗ ግን ከእግሯ ቀድሞ ይደርሳል።

ክፍሉ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ አንድ ላፕቶፕ ተከፍቷል። ከፊቱ ሁለት ወንበሮች ጎን ለጎን ተጠጋግተዋል። ስክሪኑ ለሁለት ተከፍሎ፣ በግራው ሰማያዊ፣ በቀኙ ቀይ መኪና ከነፍጥነታቸው ቆመዋል። ጨዋታውን ያቆመው ሰው ተመልሶ ሊቀጥል ያሰበ ይመስላል።

መንገደኞቹ አራት ነበሩ፤ ሟቹ፣ ታላቅ እህቱ አስተማሪዋ፣ እጮኛው ነርሷ፣ እና ከልጅነት ጓደኛው፣ ሚኒባሱን የሚነዳው። ለዕረፍት ወጥተው ጎርፍ ድልድዩን ሰበረውና እዚህ ቀሩ። ልጅን መንገድ ሰድዶ ቤት የሚጠብቅ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ከመቀመጫው ይነሳል።

«ራሱን ነው የጣለው!» አለች እህቲቱ፣ ኢንስፔክተሯ ገና ሳትቀመጥ። «ለእማዬም ደውዬ ነግሬያታለሁ። ይቺ እጮኛው አስጨንቃው ነው ራሱን ያጠፋው ብዬ።»

«እንዲያ ብለሽ ነገርሻት? ለእናት?»

«እውነቱን ነዋ! የፔንሲዮኑ ባለቤት ተጨንቆ ሲጮኽ ሰምታዋለች። እኔ ነኝ አዝዬ ያሳደግሁት። አሁን ግን አጠገቡ ልቀመጥ ብል ወንበር የለም። ሲስቁ ብትሰሚያቸው… በጨዋታ እንዲህ ይሳቃል?»

«አንቺስ የት ነበርሽ?»

«ምድር ቤት፣ በሳል ተይዤ ተኝቼ። ያቺ ‹መድኃኒት ልግዛልሽ› ብላ ወጣች። ባዶ እጇን ነው የተመለሰችው!»

የሟቹ እጮኛ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ነበር። ኢንስፔክተሯ ስትጠጋት ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች።

«ፋርማሲው ዝግ ነበር» አለች። «ምስክር የለኝም። እትዬ ገዳይ ትለኛለች። እናቱ ‹ልጄ› ብላ ነበር የምትጠራኝ፤ ከእንግዲህ በየት በኩል አያታለሁ?»

«ጨዋታው ላይ አብራችሁ ነበራችሁ?»

«ማታ ማታ። አንድ ኪቦርድ ነው ያለን፤ እሱ ከቀኝ በቀስቶቹ፣ እኔ ከግራ በፊደሎቹ።»

«ከአንቺ በፊት ከግራ ማን ነበር?»

«ጓደኛው ነዋ። ከትምህርት ቤት ጀምሮ።» እጅጌዋን ጎተተችና፣ «እውነቱን ልንገርዎት፣ እቀናባቸው ነበር። ሁለቱ የሚስቁበትን ነገር ግማሹን አላውቀውም። ወንበሩንም፣ ሲጀምሩ የሚሉትንም ተውሼ ነው የምጫወተው» አለችና ልቅሶዋ አሸነፋት።

የፔንሲዮኑ ባለቤት በሚቀጥለው ክፍል አንሶላ ስትተኩስ ነበር። ግድግዳው ኮምፔንሳቶ ነው፤ ሳል ያሳልፋል።

«ተጨንቆ ጮኸ ብለሻል። እስቲ ቃሉን እንዳለ ንገሪኝ» አለቻት ኢንስፔክተሯ።

«‹ግራ ገባ!› አለ። ጮክ ብሎ። ወይኔ ልጁ ግራ ገብቶታል አልኩ በሆዴ። ትንሽ ቆይቶ ጓሮ ዱብ የሚል ነገር ሰማሁ።»

«‹ግራ ገባኝ› ነው ያለው?»

«ኧረ ‹ገባ› ነው። እዚያው ላይ ነው ያቆመው። ሌላ ንግግር በዝናቡ አልሰማሁም።»

«ይቺን ቃል ለማንም እንዳትነግሪ።»

ሾፌሩ ግቢው ውስጥ ከሚኒባሱ አጠገብ ቆሞ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል። ረጋ ያለ፣ ቁመናው ያማረ ልጅ ነው።

«ዝናቡ ሲወርድ የት ነበርክ?»

«እዚሁ ከመኪናው ሥር። ዘይት ያፈስሳል፤ በጀርባዬ ተኝቼ ስፈልግ ነበር።»

«ወንበርህን ለሙሽሪት ስትለቅ ቅር አላለህም?»

«በጌም ማን ይቀየማል፣ ኢንስፔክተር? ልጆች ነን እንዴ?» ብሎ ሳቀ። የጥርስ ሳቅ ነበር።

ኢንስፔክተሯ ጉልበቷ እየጮኸ ቁጢጥ አለችና ከመኪናው ሥር አየች። የግቢው ጎርፍ በዚያ በኩል አልፎ፣ እንደተለሰነ ግድግዳ የለሰለሰ ደለል ትቷል። የድመት ዱካ እንኳ የለበትም። ቀና ብላ የልጁን ጀርባ አየች፤ ሸሚዙ ንጹሕ ነው።

ከዚያ ሁሉንም ምግብ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ላፕቶፑንም አስመጥታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው።

«ነይ ልጄ» አለቻት እጮኛዋን። «እንደ ሁልጊዜው ተቀምጠሽ ጀምሪ።»

«በሬሳው ላይ ጌም ልታጫውቻት ነው?» ጮኸች እህቲቱ።

«ትንሽ ታገሺኝ፣ እህቴ።»

እጮኛዋ ከግራ ተቀመጠች። ቁልፉን ስትጫን ሳታስበው ከንፈሯ፣ «ግራ ገባች» አለ። ወዲያው አፏን ያዘች።

«ጎበዝ። አሁን አንተ።»

ሾፌሩ ተቀመጠ። ቁልፉን ተጫነ። ዝም አለ።

«ድሮም ዝም ብለህ ነበር የምትጀምረው?»

«አዎ። ምን እላለሁ?»

«ውሸት!» እጮኛዋ ተነሳች። «ቃሉ እኮ የናንተ ነው! እሱ ነው የነገረኝ፤ አንተ ‹ግራ ገባ›፣ እሱ ‹ቀኝ ገባ› ሳትባባሉ አንድም ቀን ጀምራችሁ አታውቁም።»

«እግዚኦ!» አለች የፔንሲዮኑ ባለቤት ደረቷን ይዛ። «እሱን ነው የሰማሁት! ‹ግራ ገባ› ነው የተባለው!»

«ግራ ገብቶት ነዋ! ተጨንቆ ነው» አለ ሾፌሩ ቶሎ ብሎ።

ኢንስፔክተሯ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«የተጨነቀ ሰው ‹ግራ ገባኝ› ይላል። ጭንቀቱ የራሱ ነዋ፤ ‹ኝ›ን የት ይጥላታል? ስለዚህ ጭንቀት አይደለም፤ ጨዋታ መጀመሩ ነው። ስክሪኑም ላይ ሁለት መኪና ቆሟል፤ ከሟቹ ጋር የተቀመጠ ሰው ነበር። ሟቹ አይደለም ያለው፤ የሱ ወገን ቀኝ ነው። ከግራ የሚቀመጡት ደግሞ ሁለት ናቸው። ይቺ ልጅ ሴት ናት፤ ስትጀምር ‹ገባች› ነው የምትለው፣ አሁን ሰማችኋት። ‹ገባ› የሚለው ወንዱ ነው። ያ ወንድ በዝናቡ ሰዓት ከመኪና ሥር በጀርባዬ ተኝቼ ነበር ብሎኛል። ከመኪናው ሥር ያለው ደለል ግን ሰው አልነካውም፤ ሸሚዙም ጭቃ አልነካውም። ደግሞስ፣ የተሰማው ምን እንደሆነ ለማንም ሳይነገር፣ ያንን ቃል ብቻ መርጠህ የዋጥከው ለምንድን ነው?»

ሾፌሩ ስክሪኑን ያያል።

«አንድ ዙር ብቻ አልኩት» አለ። «እሷ ሳትመለስ። እሺ አለኝ። እንደ ድሮው ነበር፤ እንደ ድሮው! ከዚያ መሃል ላይ አቆመውና በረንዳው ላይ ወጣ። ጎንበስ ብሎ ወደ መንገዱ አየ። ‹መጣች መሰለኝ፣ ወንበሩን ልቀቅላት› አለኝ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ይስቃል። ልቀቅላት! እንደ ዕቃ!… እጄ ነው የቀደመኝ።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ እህቲቱ እንኳ ቀና ብላ አላየችውም፤ ዓይኗ በወንድሟ እጮኛ ላይ ነበር። ስልኳን አውጥታ ደወለች።

«እማዬ… ራሱን አላጠፋም። ሰው ነው የገፋው። ጓደኛው ነው።» ሳሏ አቋረጣት። «ልጅቷ ምንም አላደረገችም። እኔ ነኝ የዋሸሁሽ። ቀንቼባት ነው።»

ከወዲያ በኩል ረጅም ልቅሶ ተሰማ፤ ሁሉም ሰሙት። ልቅሶው ሲበርድ፣ የደከመ ድምፅ ጠየቀ።

«ልጄስ? እህል ቀምሳለች?»

እህቲቱ እጮኛዋን አየቻት። ልጅቷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍናለች።

«አልቀመሰችም፣ እማዬ» አለች። «እሺ። እኔው አበላታለሁ።»