የደርቤ ሱባኤ

ደርቤ በደሴ ከተማ፣ ፍርድ ቤት ደጃፍ፣ ለባለጉዳይ ማመልከቻ እየጻፈ የሚኖር ሰው ነበር። ምሳውን በልቶ ሲነሳ እግሩ ሳያማክረው ጫት ቤት ያደርሰዋል፤ አሥራ አራት ዓመት እንዲህ ኖረ። ሚስቱ እቴነሽ «ትተኸው አብረን እንቁረብ» እያለች ስትለምነው ቆይታ አንድ ቀን ዝም አለች። ዝምታዋ ከልመናዋ ይልቅ ከበደው። ንስሐ ገባ፤ የነፍስ አባቱ መምሬ ላቀውም የሰባት ቀን ሱባኤ ሰጡት።

የሱባኤ ቤቷ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ጽድ ሥር የተሠራች የድንጋይ ጎጆ ናት፤ መስኮቷ ከመዳፍ አትሰፋም፣ ውስጧ እርጥብ አፈርና የከረመ ጧፍ ይሸታል።

«ከውጭ ይቆልፉብኝ አባቴ፤ ራሴን አላምነውም።»

«ትችለዋለህ ልጄ?»

«ይቆልፉብኝ።»

ሁለት ቀን ሰላም ነበር። ዳዊት ደገመ፣ ሰገደ፣ መምሬ በመስኮት የሚያቀብሉትን ቆሎ በልቶ ተኛ። በሦስተኛው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ ያ የለመደው ሰዓት ሲደርስ፣ ለጋ የጫት ቅጠል ሸተተው። ሱሴ ነው ብሎ አማተበ። ወዲያው ከጨለመው ጥግ የማኘክ ድምፅ ሰማ፤ ቀስ ያለ፣ እርጥብ፣ የማይቸኩል። መንጋጋውን በእጁ ያዘ። መንጋጋው አልተንቀሳቀሰም፤ ድምፁ ግን ቀጠለ።

በአራተኛው ቀን ሲሰግድ ከኋላው ሌላ ጉልበት መሬት ነካ። ዳዊቱን ሲደግም አንድ ድምፅ በአንድ ቃል ዘግይቶ ይከተለው ነበር። በአምስተኛው ቀን ያ ድምፅ በአንድ ቃል ቀደመው።

በስድስተኛው ቀን መምሬ ቆሎ ይዘው ሲመጡ መስኮቷ ላይ ተለጠፈ።

«ይክፈቱልኝ አባቴ! እዚህ ሰው አለ!»

«ሊለቅህ ሲል ነው የሚታገልህ። አንድ ቀን ነው የቀረህ፣ ጽና» አሉና መስቀላቸውን በመስኮቷ አሾለኩለት። ደርቤ ተሳለመ። እጃቸው ከመመለሱ በፊት ግን፣ ከጉንጩ አጠገብ፣ ሌላ ከንፈር ያንኑ መስቀል ሲስም ሰማ።

ከዚያ በኋላ ማኘኩ ከጥጉ ጠፋ። ደርቤ እፎይ ሊል ሲል አፉ መረረው፤ ምራቁን በመዳፉ ተቀብሎ ወደ መስኮቷ ብርሃን ቢያስጠጋው አረንጓዴ ነው። የሚያኝከው እሱ ነበር። ከጥጉ የሚሰማው አሁን ጸሎት ብቻ ነው፤ ያልተሳሳተ፣ ያልተቋረጠ።

በሰባተኛው ቀን ማለዳ ቁልፉ ሲዞር ተሰማ። ብርሃን ገባ። ደርቤ ሊነሳ ቢሞክር ጉልበቱ አልታዘዘውም፤ የእሱን ነጠላ ያጣፋ ጀርባ ብርሃኑን ጋርዶ አለፈ፣ በሩም ተመልሶ ተቆለፈ።

«እንኳን ለዚህ አበቃህ ልጄ!» አሉ መምሬ ላቀው ከውጭ። የእቴነሽ እልልታ ተከተለ። ደርቤ እየተሳበ ደርሶ በሩን በሁለት እጁ እየደበደበ ስሟን ጠራ።

እልልታው ተቋረጠ። «ከውስጥ የሚጮኸው ማነው?» አለች እቴነሽ።

«የተውኩት ነው» አላት የደርቤ ድምፅ ረጋ ብሎ፤ «ነይ፣ ቁርባኑ እንዳያልፈን።»