ሁለቴ የተደፋው የውሃ ብርጭቆ

እኔ መንፈስ፣ ጥላ፣ የሌሊት ጠሪ ሲወራ ጋቢዬን አንስቼ የምወጣ ሰው ነኝ። ቤቴ ከሰቆጣ ወደ ደሃና በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከተማው ሲያልቅ ነው፣ ዕድሜዬን ሙሉ አረቄ ስሸጥ ከሰካራም በቀር የሚያስፈራ ፍጡር አላጋጠመኝም፣ ዛሬም ቢሆን አምናለሁ አልልህም። ያየሁትን ብቻ ልንገርህ፣ ከፈለግህ ሽማግሌው ጃጀ በል።

ነገሩ የጀመረው ከስልጠናው ነው። መጠጥ ቤት ያለው ሁሉ ካልሰለጠነ ፈቃዱ አይታደስም ተባለና እየተራገምኩ ሄድኩ፣ ፊደል ቆጥሬ ስሜን ከመጻፍ ያላለፍኩ ሰው በስተርጅና ወንበር ላይ ተደርድሬ ተቀመጥኩልህ። አሰልጣኟ የልጅ ልጄን የምታክል ናት፣ ለእኔ አረቄ አቀዳድ ልታስተምር! ግን እውነቱን ልናገር፣ ክፉ ነገር አላስተማረችም። ለልጅ አትሽጡ፣ የሰውየው ዓይን ሲቀላና ምላሱ ሲተሳሰር መቅዳት አቁሙ፣ ከመጠጡ ጋር ውሃና የሚበላ ነገር አቅርቡ፣ መኪና ወይ ሞተር ይዞ የመጣ ከሆነ ደግሞ ቁልፉን ላልጠጣው ጓደኛው እንዲሰጥ አድርጉ አለች። ወረቀቱን ሰጡኝ፣ ምራቴ ዘነበች በመስታወት አስገብታ ከበሩ በላይ ሰቀለችው።

የገበያ ቀን ነበር። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል የብርነሽ ልጆች በሞተር መጡ። ብርነሽን ድሮ አውቃታለሁ፣ የደሃና ሴት ናት፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ መሬቷን በእኩል እያሳረሰች እነዚህን ሁለት ልጆች አሳደገች፣ ሌላ ማንም የላትም። ትልቁ ሲሳይ ከአረብ አገር ገና መመለሱ ነው፣ ሞተሩም የሱ ነው። ታናሹ ደሳለ መጠጥ ባፉ አይዞርም።

ለሲሳይ አረቄ፣ ለደሳለ እንደተማርኩት ውሃ ቀዳሁና ወደ ባንኮኒው ዞርኩ፣ ያኔ ከኋላዬ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ብርጭቆ እንጨት ሲነካ ታውቀው የለ፣ እንደዚያ። ዞሬ ባይ የደሳለ ብርጭቆ አፉ ወደታች ተደፍቷል።

«ልጄ፣ ውሃ ካልፈለግህ ባፍህ ንገረኝ» አልኩት።

«እኔ አልነካሁትም፣ አያ ንጉሤ። እንዲያውም ጠምቶኛል።»

ሲሳይ ሳቀ። «ያ ወረቀት ከተሰቀለ ወዲህ ብርጭቆውም ሰልጥኗል» አለ።

አነሳሁት። እመነኝ፣ ውስጡ ደረቅ ነው። ጠረጴዛውን በእጄ ዳበስኩት፣ ጎንበስ ብዬ ወለሉን ነካሁት፣ አቧራ ነው፣ የጠብታ ምልክት የለም። እርጅና ነው፣ ሳልቀዳ የቀዳሁ መስሎኝ ነው፣ ዘነበች አጥባ የደፋችውን አምጥቼ ነው ብዬ ራሴን ሰደብኩና እንደገና ሞላሁለት። አሁን ግን አየሁ፣ ውሃው ግጥም ብሏል፣ የልጁ እጆች ጉልበቱ ላይ ናቸው። ሲሳይ ድገመኝ አለና አረቄውን ልቀዳለት ዓይኔን ወደ ጠርሙሱ መለስኩ። ቀጭ።

ተደፍቷል። ደርቋል። የሲሳይ መለኪያ እዚያው አጠገቡ እንደቆመ ነው፣ ንቅንቅ አላለም። ውጭ የታሰረችው የገበያተኛ አህያ ገመዷን እየጎተተች ወደ ኋላ ወደ ኋላ ትላለች። ደሳለ ወንበሩን ከጠረጴዛው አራቀና ቀስ ብሎ እንሂድ አለ።

ለእኔ የገባኝ አንድ ነገር ነው፣ በአገራችን ሰው በቃኝ ሲል ብርጭቆውን ይደፋ የለ፣ እንግዲህ ይበቃል መባሌ ነው አልኩ። ሲሳይን ባየው ዓይኑ ፍም መስሏል። ጠርሙሱን ከደንኩት።

«አልቀዳልህም።»

«ከስንት ዓመት በኋላ አገሬ ብገባ አረቄ ይከለክሉኛል?»

«የምከለክልህ ለእናትህ ብዬ ነው። ቁልፉን ለወንድምህ ስጥ፣ አንተ እዚህ ታድራለህ።»

አረቄ ሻጭ ሞግዚት ሲሆን አየሁ ብሎ ዘለፈኝ፣ ግን ቁልፉን ሰጠ። ደሳለን አንተም እደር አልኩት፣ ሁለታችንም ከቀረን እናቴ በጨለማ ፍለጋ ትወጣለች አለኝ። ሰካራም ከኋላ አፈናጦ መሄድም አይሆንም። እኔም ትከሻውን መታ አድርጌ፣ «አንተ አልጠጣህ፣ ምን ትሆናለህ» አልኩት። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ።

ሞተሩ ሲነሳ ከውስጥ ቀጭ አለ። ሲሳይ ነው ብዬ ገባሁ፣ እሱ ግን ግድግዳ ተደግፎ ያንኮራፋል።

ሲነጋ ብርነሽ በእግሯ መጣች። ሁለት ልጅ ፈልጋ አንዱን አገኘች።

ሞተሩን ወደ ደሃና ከሚያወጣው ዳገት በላይ አገኘነው፣ መንገድ ዳር በማቆሚያው ቆሟል፣ ቁልፉ ተሰክቷል፣ ነዳጅ አለው፣ አንድ ጭረት የለበትም። የልጁ ጋቢ ኮርቻው ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል። የአገሩ ሰው ወጥቶ ገደሉን ሸለቆውን አሰሰ፣ ምንም። ጅብ እንኳ አንድ ነገር ያስተርፋል። አሁን ወሬኛው በጅቡቲ በኩል ተሰደደ ይላል፣ በዚያ ብርድ ጋቢውን አጣጥፎ ትቶ የሚሰደድ ሰው አይተህ ታውቃለህ? ብርነሽ አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቀችኝ፣ ጠጥቶ ነበር ወይ አለችኝ። ውሃ እንኳ አልጠጣም አልኳት።

ያ ነገር ሊያስጠነቅቀኝ ነበር ወይስ ልጁን እየመረጠ ነበር፣ አላውቅም። የተደፋው ብርጭቆ ግን የሲሳይ አልነበረም፣ ይህን ከራሴ ላወጣው አልቻልኩም።

በቅርቡ ያች አሰልጣኝ የሰለጠኑትን ቤቶች ልትጎበኝ መጣች፣ መኪናዋን በር ላይ አቁማ ገብታ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ቁጭ አለች። ወረቀቱን አይታ ደስ አላት፣ መንገዱ አድክሟታል፣ እስቲ አባቴ ውሃ አለችኝ።

«ውሃ የለም» አልኳት። ማሰሮው ከኋላዬ ሙሉ ነው።

«እንዲህ ነው ያስተማርኩዎት?» ብላ ሳቀች፣ ከቦርሳዋ የላስቲክ ውሃ አወጣችና ብርጭቆ ብቻ ይስጡኝ አለች። እምቢ የምልበት ምክንያት አጣሁ። ሰጠኋት። ቀድታ ግማሹን ጠጣች፣ እስክትነሳ ድረስ ዓይኔን ከብርጭቆው አልነቀልኩም፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል። እፎይ ብዬ እስከ በሩ ሸኘኋት፣ ወደ ደሃና ነኝ አለችኝ።

መኪናዋ መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ከኋላዬ ያንኑ ድምፅ ሰማሁ፣ ቀጭ።

አልዞርኩም። በሩን እንደተከፈተ ትቼ ወደ ከተማ ወረድኩ። ብርጭቆውን ከጠረጴዛው ያነሳችው ዘነበች ናት፣ ምን እንዳገኘች አልጠየቅኋትም፣ እሷም አልነገረችኝም።