የዳማው እግር

ባልደከመበት ድካም የሚመሰገን ሰው ምስጋናውን ከአየር ላይ አያገኘውም፤ በእውነት ከደከመው ሰው ላይ ነጥቆ ይወስደዋል እንጂ። ተማሪው ዘመኑ ይህን የተረዳው ዘግይቶ ነው።

«ዛሬም ይህን ስልክ ልታሸክመኝ ነው?» አሉ አጎቱ ጋሽ ይርሳው፣ የዳማ ፈረሳቸውን ልጓም እያጠበቁ። ጎህ መቅደዱ ነበር፤ የእንጅባራ ጭጋግ ከፈረሱ ጆሮ ወዲያ ያለውን አያሳይም።

«መንገዱን ይለካልኛል ጋሼ። ከሰሉ ጋ ሲደርሱ ይችን ቀይዋን ይንኩልኝ፤ መለካቱን ያቆማል።»

«መንገዱማ ያው መንገድ ነው። ከትናንት ወዲህ አድጓል እንዴ?»

ዘመኑ ሳቀና ስልኩን በጨርቅ ጠቅልሎ ከጋሪው መቀመጫ ሥር ሸጎጠው። አጎቱ ከሰል ሊያመጡ ባዶ ጋሪያቸውን እየነዱ ወደ ግምጃ ቤት ከተማ በሚወስደው መንገድ ወጡ፤ እሱ ወደ ሞቀው አልጋው ተመለሰ።

ነገሩ የትራያትሎን ልምምድ ነበር፤ ዋናን፣ ብስክሌትንና ሩጫን ያለ ዕረፍት አከታትሎ የሚያሠራ ውድድር። ሰውነት የሚባሉት የትምህርት ቤቱ የስፖርት መምህር፣ ባሕር ዳር ላይ ለሚደረገው የታዳጊዎች ውድድር ከትምህርት ቤቱ አንድ ልጅ ብቻ እንዲልኩ ተፈቅዶላቸዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹን ዘንገና ሐይቅ ወስደው በገመድና በተነፋ የመኪና ጎማ ላስቲክ እየጠበቁ ዋና ያለማምዷቸዋል። ሩጫውን ግን እያንዳንዱ በየጠዋቱ ብቻውን ይሮጥና ስልኩ የመዘገበውን ርቀትና ፍጥነት በቴሌግራም ለሁሉም ይልካል።

«ማንም አይቆጣጠራችሁም» ብለዋቸው ነበር መምህሩ። «ማንም ሳያየው ከአልጋው የሚነሣ ልጅ ነው የምፈልገው።»

ዘመኑም መጀመሪያ ላይ ተነሥቷል። ስፖርቱን የወደደው በስልክ ባያቸው ቪዲዮዎች ነው፤ የሚያብረቀርቅ ብስክሌት፣ የመጨረሻው መስመር፣ ጭብጨባው። ቪዲዮዎቹ ስለ ጠዋቱ ብርድ የነገሩት ነገር የለም። አንድ ቀን ቀረ፤ በማግሥቱም ቀረ፤ ከዚያ ጥያቄ እንዳይመጣበት ስልኩን ለጋሪው ሰጠ። ባጃጅ ቢሆን ፍጥነቱ ያሳብቅበት ነበር፤ የዳማው ሶምሶማ ግን ልክ የጎበዝ ሯጭ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ስልኩን ከአጎቱ ይቀበልና ይልካል። ልጆቹ ያደንቁታል፤ እሱም አድናቆቱን ቀስ በቀስ የራሱ አድርጎ ያዘው።

«አንተ ሰው ነህ ፈረስ?» ብሎ ጻፈለት አብሮ አደጉ ኪዳኑ።

ኪዳኑ በክፍል ውስጥ ከዘመኑ ጎን የሚቀመጥ፣ ብስክሌት የሚለማመደው ከወንድሙ ለምኖ የሆነ ቀጭን ልጅ ነው። ከዘንገና ውኃ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ይወጣል፤ ወጥቶም ይስቃል። ለምን እንደሚለፋ ሲጠየቅ፣ «ስጀምር ያስጠላኛል፤ ስጨርስ ግን ሌላ ሰው ሆኜ ነው ቤት የምገባው» ይል ነበር።

አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት ዘመኑን ያዘው።

«አቦ፣ ምን በልተህ ነው የምትሮጠው?»

«ድንች።»

«ሙድ አትያዝብኝ፣ የምሬን ነው። ያንተን ፍጥነት ለሁለት ኪሎ ሜትር እንኳ መያዝ አቃተኝ።»

«ፋራ ስለሆንክ ነው። ጨከን በል።»

ኪዳኑ ጨከነ። ከጠዋቱ ሩጫ ሌላ ማታ ማታም መሮጥ ጀመረ። ቅልጥሙን ሲያመው በጨርቅ ጠፍሮ አሰረው። ሲያነክስ ዘመኑ በዓይኑ አይቷል፤ እውነቱን ለመናገር አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃው ነበር። እሱ ግን፣ «አጥብቀህ እሰረው» አለው። በዚያው ሳምንት መምህሩ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው ዘመኑ መሆኑን አስታወቁ፤ ኪዳኑን ተጠባባቂ አደረጉት።

ኪዳኑ ከዚያም በኋላ አላቆመም። አንድ ጠዋት አስፋልቱ ላይ ወደቀ፤ ሰዎች በባጃጅ ወደ ሕክምና ወሰዱት። አጥንቱ ተሰንጥቆ ነበር።

ዘመኑ ሊጠይቀው ሲሄድ የኪዳኑ እናት እትዬ ሀይማኖት በሩን ከፈቱለት። «ግባ ልጄ፤ ስላንተ ብቻ ነው የሚያወራው» አሉት።

ኪዳኑ በጀሶ የታሸገ እግሩን ትራስ ላይ አጋድሞ ተኝቷል። ጓደኛውን ሲያይ ፊቱ በራ።

«የዚያን ዕለት ደርሼብህ ነበር እኮ» አለ። «ስልኬን አየሁት፤ ልክ ያንተን ፍጥነት ይዣለሁ። ወዲያው እግሬ ቋ አለ።»

ዘመኑ ከጀሶው ላይ ዓይኑን መንቀል አልቻለም። ዝም ብሎ መውጣት ይችል ነበር፤ የሚያውቅበት ሰው አልነበረም።

«እኔ አልሮጥኩም» አለ።

«መቼ?»

«ያ ሁሉ ጠዋት። ስልኬ የአጎቴ ጋሪ ላይ ነበር። ያየኸው የፈረሱን ፍጥነት ነው።»

ኪዳኑ ቀልድ መሆኑን ለማረጋገጥ የዘመኑን ፊት መረመረ። ቀልድ አጣበት።

«እኔ ታዲያ ከዳማው ጋር ነዋ ስሽቀዳደም የከረምኩት» አለ። ሊስቅ የከጀለ መሰለ፤ አልሳቀም። «መምህር ያውቃሉ?»

«አያውቁም።»

«በቃ ሂድ» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ዘመኑ ከግቢው ወጥቶ መንገዱ ላይ ቆመ። በቀኝ የእነሱ ቤት ነው፤ በግራ የመምህር ሰውነት። ወደ ግራ ታጠፈ።

መምህሩ ሳያቋርጡ ሰሙት፤ አልተቆጡም፤ አላጽናኑትምም። በማግሥቱ ጠዋት በሰልፍ ላይ ያደረገውን በገዛ አፉ ለተማሪው ሁሉ እንዲናገር አደረጉት። ስሙ ከውድድሩ ተሰረዘ፤ ትምህርቱን እስኪጨርስ ድረስም ትምህርት ቤቱን ወክሎ በማንኛውም ስፖርት እንዳይሳተፍ ታገደ። ተጠባባቂው እግሩ በጀሶ ስለነበረ ወደ ባሕር ዳር የሄደ ልጅ የለም። ኪዳኑ ከወር በላይ ቆይቶ በምርኩዝ ወደ ክፍል ሲመለስ ከዘመኑ ጎን ያለውን ቦታውን ትቶ ከኋላ ተቀመጠ፤ ዓመቱ እስኪያልቅም እዚያው ተማረ።