ከሬሳው በላይ የተተከሉት ሦስት ችግኞች

መርማሪዋ ስትደርስ የሟቹ ግማሽ አካል ከጉድጓዱ ወጥቷል። ራስ ቅሉ በዶማ ተፈልጧል፤ አፉ አፈር ሞልቶበታል። አሥር እርምጃ ራቅ ብሎ ደግሞ አንድ ከሰል አክሳይ ከምሰሶ ጋር ታስሮ ይቀጠቀጣል። ሁለት ጥርሱ ረግፏል፤ የቀኝ እጁ ጣቶች ተሰባብረዋል። ሰው አንዴ በደም ከሰከረ ጆሮ የለውም፤ መርማሪዋ ሽጉጧ ላይ እጇን ስታሳርፍ ነው ዱላው የቆመው።

ዱላውን የያዘው የሟቹ ታናሽ ወንድም ነበር።

«ወንድሜን የበላው እሱ ነው። ባለፈው ሳምንት ዛፍ ሲቆርጥ ብንይዘው ‘አሳያችኋለሁ’ ብሎ ፎክሯል። ይልቀቁልኝና ልጨርሰው፤ ጉድጓዱ እንደሆነ ተቆፍሯል።»

«አንድ ሰዓት ስጠኝ» አለችው።

ስፍራው ተመንጥሮ ራቁቱን የቀረ ኮረብታ ነው። ሟቹ ከሰባት ዓመት በፊት አሥራ አምስት ቤተሰብ አስተባብሮ፣ የጥንቱን ጥቅጥቅ ያለ ደን መልሰን እናበቅላለን ብሎ መንደር የቆረቆረበት። ትናንት ከሰዓት ጠፋ፤ ዛሬ ጠዋት ዝናቡ አፈሩን አጥቦ ጣቶቹን አወጣቸው። በላዩ ሦስት ችግኝ ተተክሎበት ነበር። ወሩ የተከላ ወር ስለሆነ ኮረብታው በሙሉ ትኩስ አፈር ነው፤ ማንም ልብ አላለውም።

መርማሪዋ ሦስቱን ችግኞች ከአፈሩ ክምር አንስታ ሥራቸውን አገላብጣ አየች። ከዚያ ወደ ሟቹ ሚስት ሄደች።

«እህቴ፣ ትናንት ምን ነበር?»

«ባሌ ጠዋት ችግኝ ጣቢያ ገብቶ አገር በቀሉን ችግኝ ሁሉ በገጀራ ጨፈጨፈው። ‘ይሄ እስኪያድግ እኛ እናረጃለን፣ ቶሎ የሚደርስ የውጭ ዛፍ እንተክላለን’ አለ። አንድ አላስቀረም።»

«የተቃወመው የለም?»

«ማን ደፍሮ? አባ ችግኝ እንኳ ቆሞ አየ።»

አባ ችግኝ የሚሉት የችግኝ ጣቢያውን ኃላፊ ነው።

«አልከፋህም?» አለችው መርማሪዋ።

«ምን አደርጋለሁ? መሬቱም ሐሳቡም የሱ ነው።»

መርማሪዋ ሁሉንም ጉድጓዱ አጠገብ ሰበሰበችና ለወንድምየው፣ ለሚስትየውና ለአባ ችግኝ በፕላስቲክ ያለ የውጭ ዛፍ ችግኝ አደለቻቸው።

«ትከሉልኝ።»

«ወንድሜ ሳይቀበር?»

«ትከል አልኩህ።»

ወንድምየው ፕላስቲኩን በጥርሱ ዘንጥሎ ችግኙን ወተፈው። ሚስትየው ፕላስቲኩን ቀስ ብላ አወለቀች፤ ሥሩን ግን ሳታይ አፈር መለሰችበት። አባ ችግኝ ከደረት ኪሱ ምላጭ አወጣ፤ ታች ተጠቅልሎ የነበረውን የሥር ጫፍ ቆረጠ፤ አቃንቶ ተከለው።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» አለች መርማሪዋ፣ ከሬሳው በላይ የነበሩትን ችግኞች አንስታ። «እዩ። የሦስቱም ጫፍ በምላጭ ተቆርጧል። ከሰል አክሳይ ይሄን ከየት ይማራል? ወንድምየውና ሚስትየው እንዴት እንደሚተክሉም አይታችኋል። ደግሞ ችግኞቹ አገር በቀል ናቸው። ትናንት አንድም አልቀረም ከተባለ፣ ደብቆ ያተረፋቸው ሰው ነው እዚህ የተከላቸው። ሰው ገድሎ እየቀበረ የችግኝ ሥር እንዳይታጠፍ የሚጨነቅ እዚህ መንደር አንድ ሰው ብቻ ነው። አመል ያወጣል ከመሐል።»

አባ ችግኝ ምላጩን በሱሪው ጠረገ።

«እየሳቀ ነው የጨፈጨፋቸው» አለ። «ሁለት ዓመት ጎንበስ ብዬ ያጠጣኋቸውን። ከሰዓት ተመልሶ የደበቅኳቸውን ሦስቱን አገኘብኝ። ገጀራውን ሲያነሳ ዶማው እጄ ላይ ነበር።»

«ይሄ ሰውዬስ? ጠዋት ሙሉ ሲቀጠቀጥ ቆመህ አይተሃል።»

«እሱ ስንት ዛፍ ገድሏል? ቢሞት ምን ይጎድላል ብዬ ነው።»

ከሰል አክሳዩ ገና ገመዱ መፈታቱ ነበር። ደም ተፋ።

«አባ ችግኝ፣ የነዚህን ችግኞች ዘር ማን አመጣልህ? ጫካ ለጫካ ለቅሜ በጆንያ የተሸከምኩልህ እኔ አይደለሁም እንዴ? ዘሩ የተለቀመባትን እናት ዛፍ እኮ ስላንተ ብዬ እስከ ዛሬ መጥረቢያ አላስነካኋትም።»

አባ ችግኝ ምላጩን መሬት ላይ ጣለ። መርማሪዋ እጁን ወደ ኋላ በካቴና አሰረችው።

ወንድምየው ዱላውን ጥሎ፣ አፍሮ፣ ከሰል አክሳዩን ሊደግፍ ጎንበስ አለ። ሰውዬው በደህናው እጁ ገፍትሮት ምሰሶውን ተደግፎ ብቻውን ቆመ።

«ተወው፣ እኔ አሳክመዋለሁ» አለች መርማሪዋ ሁለተኛውን ካቴና እያወጣች። «አንተ እጅህን አምጣ።»