አሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ

በለጥሻቸው ከሆቴሉ የአንሶላ እጥበት ስትመለስ የምታደርገው ሁሉ ተራ ነበረው። መጀመሪያ የልጇን ላፕቶፕ ከፍታ ቁልፉን ትጫናለች፤ ከዚያ እግሯን ትታጠባለች፣ እርጥብ ልብሷን ትቀይራለች፣ ሻይ ትጥዳለች፤ ሻዩን ጠጥታ ስትጨርስ ነው ያ አሮጌ ዕቃ እያቃሰተ፣ ሆዱ ውስጥ ቀጭ ቀጭ እያለ፣ በስንት ልመና የትርሲትን ፎቶ የሚያሳያት። የደብረ ብርሃን ክረምት ቆርቆሮውን ሲደበድበው እንኳ ያ ድምፅ ይሰማል፤ ሰው ጥፍሩን በጥርሱ ሲቆረጥም ዓይነት ነው። ለምዳዋለች። ቤቱ ውስጥ ከእሷ ሌላ ድምፅ ያለው ነገር እሱ ብቻ ነበር።

ትርሲት ከሞተች ዓመት ሊሞላት አሥር ቀን ቀርቷል። ኮሌጅ ትማር ነበር። ለፈተና ስታጠና ደብተሯን ጮክ ብላ እያነበበች ላፕቶፑ ላይ ትቀዳና መልሳ ታዳምጠዋለች። በሞተችበት ቀን ጠዋትም ስትቀዳ ነበር። በሩ ተዘግቶ፣ የከሰል ማንደጃ አጠገቧ ተቀምጦ፣ ጠረጴዛዋ ላይ እንደተደፋች ነው የተገኘችው። ጭስ የሌለው የከሰል መርዝ ነው የገደላት ተባለ። በለጥሻቸው በንጋት ወደ ሥራ ስትወጣ ማንደጃውን በረንዳ ላይ እንደተወችው ትምላለች። ሌላ እዚያ ቤት የነበረ ሰው የበለጥሻቸው ታናሽ እህት አሰለፈች ብቻ ናት። እሷ ደግሞ ገበያ ሄጄ ነበር ትላለች። በለቅሶው ሰሞን አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ አሰለፈች ቀስ ብላ «እታለም፣ ገበያ ስሄድ መንገድ ላይ ስንገናኝ የዝናብ ላስቲክሽን ረስተሽ እየተመለስሽ አልነበር?» አለቻት።

«አልተመለስኩም» አለች በለጥሻቸው። በዚያው ጓዟን አስይዛ አባረረቻት።

የተቀዳውን የት እንደሚጫኑ ያሳየቻት የትርሲት የክፍል ጓደኛ ናት። ከዚያ ወዲህ በለጥሻቸው ሳትሰማው የዋለችበት ቀን የለም። ትርሲት ስለ አፈር ዓይነቶች ታነባለች፤ ጥቁር አፈር፣ ቀይ አፈር፣ ውሃ የሚይዝ፣ ውሃ የማይዝ። አሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ በር ሲጢጥ ይላል። ትርሲት ንባቧን ታቆምና «እንዴ» ትላለች። እዚያ ላይ ላፕቶፑ ድርቅ ይላል፤ ሆዱ ቀጭ ቀጭ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ዓመት ሙሉ ከዚያች ቃል አልፎ አያውቅም። ከዚያች ቃል ቀጥሎ የአሰለፈች ስም እንዳለ በለጥሻቸው እንደ አባታችን ሆይ ታውቀዋለች።

መናኸሪያው አጠገብ ኮምፒውተር የሚጠግነው አስናቀ በካቻቪቴው ብሎኖቹን ፈትቶ አሳያት። «ሃርድ ዲስኩ ነው፣ እትዬ በለጥሻቸው። ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን አለው፤ እሱ ነው ያረጀው። በኤስኤስዲ እንቀይረው። የሚዞር ነገር የለውም፣ ድምፅ የለውም። እንደነገሩኝ ያህል አይቆይም፤ እግርዎን ሳይታጠቡ ይከፈታል።»

«የልጄ ድምፅስ?»

«እንዳለ ይገለበጣል።»

«ከጠፋ ቤቴ አልገባም። እዚሁ አንተ ጋ ነው የምቀመጠው።»

«አሁንስ የት ተቀምጠው ነው?» አላት። እውነቱን ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ በርጩማው ላይ ነበረች፣ እስኪያልቅም አልተነሳችም። ግልበጣው ዘጠና ሁለት ፐርሰንት ላይ ሲደርስ ቆመ። እንደገና ጀመረው፤ ዘጠና ሁለት ላይ ቆመ። ሦስተኛው ላይ አስናቀ መሳቁን ተወ። ጠረጴዛው ላይ የተጋደመው አሮጌ ዲስክ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ከርቀት ሲሰሙት በጥርሱ መሀል «ተዉ፣ ተዉ» የሚል ሰው ይመስላል። አራተኛው ላይ አለፈ።

አሮጌውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሲሰጣት ዓይኗን አላያትም። «መርምሬዋለሁ። አርጅቷል ያልኩት ተሳስቼ ነው፤ አንዲት ጭረት የለችበትም። ለምን እዚያ ቦታ ላይ እንደሚቆም አላውቅም።»

በሁለት መዳፏ ተቀበለችው። ይሞቅ ነበር።

ቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ በትርሲት ልብሶች መሀል አስቀመጠችው። በማግስቱ ስትዳስሰው ይሞቃል። በሦስተኛውም ቀን፣ ገመድ ሳይነካው፣ እንቅልፍ ላይ ያለ ልጅ ግንባር ያህል ይሞቃል። ልብሶቹ ደግሞ ከሰል ከሰል መሽተት ጀመሩ። እዚህ ቤት ከሰል ከገባ ዓመቱ ነው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ የምታበስለው በኤሌክትሪክ ነው። አውጥታ በኦሞ አጠበቻቸው፣ አሰጣቻቸው፣ መለሰቻቸው። ጠዋት ስትከፍተው ሽታው እንደ ሰው በር ላይ ጠበቃት።

ላፕቶፑን ግን አልነካችም። ብቻዋን ልትሰማው አልፈለገችም። አሰለፈች ጋ ደወለችና «እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነይ» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም።

አሰለፈች መጣች። ነጠላዋን ሳታወልቅ ከበሩ አጠገብ ያለው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ከስተሻል፣ እታለም።»

«ያከሳኝን አሁን አብረን እንሰማዋለን።»

ቁልፉን ተጫነችው። ማቃሰት የለ፣ ቀጭታ የለ፤ የትርሲት ፎቶ ከበሩ ኋላ ቆሞ እንደቆየ ሰው ከተፍ አለ። በለጥሻቸው ደነገጠች፣ ግን አላሳየችም። የተቀዳውን ነካችው። ጥቁር አፈር፣ ቀይ አፈር። በዚያ ቀንም ይዘንብ ነበርና ላፕቶፑ ውስጥ ያለው ዝናብ ደጅ ካለው ጋር ተደባለቀ፤ የትኛው የዘንድሮ፣ የትኛው የአምናው እንደሆነ መለየት አቃታት።

ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ ከቁም ሳጥኑ ውስጥ ቀጭ አለ።

«ምንድነው?» አለች አሰለፈች።

«አይጥ ነው።»

አይጥ አልነበረም። ዓመት ሙሉ የምታውቀው ድምፅ ነው። ቀጭ። ቀጭ ቀጭ። ሽታውም መጣ፤ ቀስ ብሎ፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀመጥ፣ ራስ የሚያከብድ።

አሰለፈች ተነስታ መጥታ እግሯ ሥር ተንበረከከች። «አጥፊው።»

«ምነው? ስምሽ ሊጠራ ሲል ፈራሽ?»

«እኔ ነኝ። እኔ ነኝ ማንደጃውን ያስገባሁት፣ በቃ፣ አምኛለሁ። ለፈለግሽው ሰው ተናገሪ። በእናታችን አጥንት፣ አጥፊው።»

በለጥሻቸው ይህን ቃል ዓመት ሙሉ ጠብቃው ነበር። ሲመጣ ግን አልጣማትም። የእህቷ ዓይን የጥፋተኛ ዓይን አልነበረም፤ ገደል አፋፍ ላይ የቆመ ሕፃን የሚያይ ሰው ዓይን ነበር። እጇ ወደ ቁልፉ ሄደ፣ ቆመ። ነገር ጀምራ ያቋረጠችበት ቀን በሕይወቷ የለም።

«ቁጭ በይ» አለች። «ከእሷ አፍ ልስማው።»

በሩ ሲጢጥ አለ። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ያለው ድምፅ ፈጠነ፤ ቀጭ ቀጭ ቀጭ ቀጭ፣ የቁም ሳጥኑ በር እስኪንቀጠቀጥ ድረስ።

«እንዴ» አለች ትርሲት። «እንዴ እማ፣ ተመለስሽ?»

«ላስቲኬን ረስቼ» አለ የሚመልሰው ድምፅ፤ በእጥበት ቤት እንፋሎት የሻከረ፣ ቶሎ ቶሎ የሚል ድምፅ። በለጥሻቸው ከመስማቷ በፊት ጉሮሮዋ አወቀው። «እጅሽ እንዲህ በረዶ ሆኖ ታጠኛለሽ? ቆይ፣ እሳቱን ላስገባልሽ። በሩንም ገጥሜልሽ እሄዳለሁ፣ ንፋስ እንዳይገባብሽ።»

ማንደጃው ሲሚንቶው ላይ ሲቀመጥ ተሰማ። በሩ ሲገጠም ተሰማ። አሰለፈች ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ቁም ሳጥኑ ውስጥ ያለው ድምፅ ለምኖ ለምኖ እንደደከመው ሰው ቀጥ አለ። ዝናቡና የከሰሉ መንጣጣት ብቻ ቀሩ፤ ከዚያ ትርሲት፣ በንባብ ድምፅዋ ሳይሆን በቅርብ፣ ደክሟት፣ የእናቷ ጆሮ ሥር እንደተቀመጠች ሁሉ ቀስ ብላ «እንዳትሰሚው ስከለክልሽ ነበር እኮ፣ እማ» አለች።