በካሳቫ ዱቄት የተቀበረው ስልክ

ልጆች፣ ቀረብ በሉ። ኤሲናም የአሥር ዓመት ልጅ ናት። ቤቷ ኬታ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ነው፤ ከፊት ለፊት ባሕሩ፣ ከጀርባ ሐይቁ። የምትኖረው ከእናቷ ጋር ብቻ ነው። አባቷ ከመዘምራን ሁሉ ድምፁ የሚለይ ሰው ነበር። ካረፈ የፊታችን እሑድ ዓመት ሊሞላው ነው። ከድምፁ የቀረላቸው አንድ መዝሙር ብቻ ነው። እሱም በእናቷ ስልክ ላይ ነበር፤ ስልኩ ሲጠራ የሚዘምረው አባቷ ነው። እናቷ በመታሰቢያው ቀን ለምእመናኑ ልታሰማው አስባለች።

ሐሙስ ጠዋት ዓሣ ልትገዛ ስትወርድ፣ “ስልኬን እንዳትነኪ፤ ሰምተሻል?” አለቻት።

“እሺ፣ እማ።”

መስማቱንስ ሰምታለች። ግን እናቷ ዞር እንዳለች ስልኩን ይዛ ወደ ሐይቁ በረረች። ጀልባ ላይ ቆማ ፎቶ መነሣት አማራት። እናንተን አያምራችሁም በሉኝ እስቲ! ጀልባዋ ወዝወዝ አለች። ስልኩ ከእጇ አምልጦ ውኃ ውስጥ ገባ። ቶሎ አወጣችው፤ መስታወቱ ግን ጥቁር ሆኖ ቀረ።

አሁን ምን ይሻላል? በኬታ ውኃ የሚመጥ ነገር ሕፃን እንኳ ያውቀዋል፤ ካሳቫ ከሚሉት ሥር የተሠራ፣ ተቆልቶ የደረቀ ዱቄት ነው። አንድ ጭብጥ ሳሕን ላይ አድርጋችሁ ውኃ ብታፈሱበት፣ የምግቡን ጸሎት ሳትጨርሱ አብጦ ሳሕኑን ይሞላል። ኤሲናም ስልኩን እዚያ ዱቄት ውስጥ ቀበረችው። ዱቄቱም ውኃውን መጠጠ፤ እንደ ልማዱም አበጠ። ያበጠው ግን በስልኩ ቀዳዳዎች ውስጥ ነው። ከሰዓት በኋላ ከላይ ከላይ ወልውላ ቦታው መለሰችው።

“ስልኬ ምን ሆነ?” አለች እናቷ ስትመለስ።

“እኔ እንጃ። ዝም ብሎ ጠፋ።”

“በይ ነገ ጋሽ ያዎ ዘንድ ውሰጂው። ከእሑድ በፊት መሠራት አለበት!”

ጋሽ ያዎ ገበያው በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ ስልክ ይጠግናል።

“ወድቆ ነበር?” አላት ዓርብ ስልኩን ተቀብሎ።

“አልወደቀም።”

“ውኃ ነክቶታል?”

“ኧረ አልነካውም!”

ቁልፉን ተጭኖ እስከ ሠላሳ ቆጠረ። የባትሪ መሙያ ገመድ ሰካ፤ በደንብ አልያዘም። በሌላ ገመድ ሞከረ፤ ደግሞ በሌላ። ያው ጥቁር ነው።

“እንግዲህ ካልወደቀና ውኃ ካልነካው የተበላሸው ፕሮግራሙ ነው” አለ። “ጠርጌው እንደ አዲስ እጭንበታለሁ። ያለበት ሁሉ ይጠፋል። ልጀምር?”

ኤሲናም ጥቁሩን ስልክ አየችው። እሺ ብትል ማንም አያውቅባትም። የአባቷን ድምፅ ግን ዳግመኛ አትሰማውም። ጋሽ ያዎ ጣቱን ቁልፉ ላይ አደረገ።

“ተው ጋሼ! ዋሽቼሃለሁ!” አለች። እያለቀሰች ሁሉንም ነገረችው፤ ጀልባውንም፣ ውኃውንም፣ ዱቄቱንም።

ጋሽ ያዎ የስልኩን ጀርባ ከፈተ። ውስጡ ሊጥ ሆኗል።

“አንቺ ልጅ፣ ልጠግነው ነው ወይስ ወጥ ላምጣለት?” ብሎ ሣቀ። ከዚያ ሣቁን ተወው። “አሁን የቱ ጋ እንደታመመ ዐወቅን። ሂጂና ለእናትሽም እንዲሁ ንገሪ። ነገ ስትመጪ መርፌ እሰጥሻለሁ፤ ያበላሸሽውን አብረሽኝ ታጸጃለሽ።”

ለእናቷ መንገር ከሁሉ ከበዳት። ግን ነገረቻት። “ትናንት ብትነግሪኝ ኖሮ ትናንት እንጀምር ነበር” አለች እናቷ፤ ዓይኗም እንባ አቀረረ።

ቅዳሜ ኤሲናም በማለዳ ጃንጥላው ሥር ተቀመጠች። ዱቄቱን በመርፌ ጫፍ ቅንጣት በቅንጣት ለቀመች። የሰፈሯ ልጆች “ኤሲናም፣ ምሳ ደረሰ ወይ?” እያሉ አለፉ። ቀናም አላለች። ጣቷ ደማ፤ ጠርጋው ቀጠለች። “ሳይነቃ አልነሣም!” አለች። ከሰዓት በኋላ ገመዱ እስከ ጥጉ ገባ። ጥቂት ቆዩ። መስታወቱ አሁንም ጥቁር ነው።

“አይዞሽ፤ የሞተው መስታወቱ ብቻ ሊሆን ይችላል” አለ ጋሽ ያዎ። “እስቲ እንጥራው።” በራሱ ስልክ ደወለ። ትንሽ ጸጥ አለ። ከዚያ ከጥቁሩ ስልክ ውስጥ አባቷ መዘመር ጀመረ።

እሑድ እኔም ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ። እናቷ ስልኩን ማይክራፎኑ አጠገብ አስቀመጠችው። ጋሽ ያዎ ከኋላ ወንበር ሆኖ ደወለ። ጥሪው ሲያበቃ መዝሙሩ መሐል ላይ ተቆረጠ፤ ደግሞ ደወለ፤ አሁንም ተቆረጠ። በሦስተኛው መዝሙሩ ሲቆረጥ ኤሲናም ብድግ ብላ ካቆመበት ተቀበለችው። ድምጿ ተንቀጠቀጠ፤ ግን አልተወችውም። እናቷም ተነሥታ እጇን ያዘች፤ ከዚያ ሕዝቡ ሁሉ አብሮ ዘመረ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ የተደበቀ ጥፋት መጠገኛ የለውምና ስታጠፉ እውነቱን ቶሎ ተናገሩ።